ጭንቅ ሲመጣ ኳሱን ለማን እንስጥ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የስፖርት መምህር ነኝ። ከ15 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው 11 ልጆች ቅርጫት ኳስ አሰለጥናለሁ። ዓምና የቡድኑን ግማሽ ነጥብ የሚያገባ አንድ ልጅ ነበረን፤ 12ኛን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዘንድሮ እስከ ሦስተኛው ኳርተር (የጨዋታው ሩብ) ድረስ ጥሩ እንጫወታለን። ነጥቡ ሲቀራረብ ግን ኳሱን እንደ ፍም ይቀባበሉታል፣ የሚወረውር ይጠፋል። ሦስት ልጆች ዓይኔ ገብተዋል። አንዱ ከሩቅ ይወረውራል፣ አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር ነው ግን ደፋር። ማንን ልምረጥ?

መልስ፦ ወንድሜ መምህር፣ ታናሼ ስለሆንክ አንተ ልበልህ። «እንደ ፍም ይቀባበሉታል» ያልካት ነገር ልቤን ነካችው። እኔም ደብረ ማርቆስ ልጆች ሳሰለጥን ያንኑ አይቻለሁ። ፊታቸው ይለወጣል እኮ! ከአሥር ደቂቃ በፊት እየሳቀ ሲወረውር የነበረ ልጅ፣ ሁለት ነጥብ ተበልጠን ኳሱ እጁ ሲገባ ቅርጫቱን ማየት ይተውና የጓደኛውን ፊት ይፈልጋል።

ማንንም አትምረጥ፣ ገና ነው። እነዚህ ልጆች ዓምና ዓመቱን ሙሉ የተማሩት ጭንቅ ሲመጣ ለዚያ ልጅ ሰጥቶ ዞር ማለትን ነው። አሁን ያላስተማርካቸውን ነው የምትጠይቃቸው።

መጀመሪያ ደብተር ያዝ። ነጥብ ብቻ አትመዝግብ፤ ማን ስንት ወረወረ፣ ከየት ወረወረ፣ ስንቱ ገባ የሚለውን ጻፍ። 20 ወርውሮ 7 ያገባ ልጅ 14 ነጥብ ስላለው ጀግና ይመስላል፤ 8 ወርውሮ 5 ያገባው በ10 ነጥቡ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከሩቅ የሚወረውረውንም ልጅህን በዚሁ ሒሳብ እየው። የሦስት ነጥብ መስመር 6.75 ሜትር ላይ ነው፣ ለ16 ዓመት ልጅ ሩቅ ነው። ከ10 ውርወራ 3 ካገባ 9 ነጥብ አመጣ። ሪንጉ ሥር ድረስ ገብቶ ከ10 ስድስቱን የሚያገባ ልጅ 12 ያመጣል፣ ያውም ፋውሉ ሳይቆጠር።

ፋውሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጨዋታ ከእጃችን የወጣው እዚህ ላይ ነው። ተጋጣሚህ በአንድ ኳርተር 4 ፋውል ከሞላ በኋላ ሲከላከል ለሚሠራው ለእያንዳንዱ ፋውል ሁለት ቅጣት ውርወራ ታገኛለህ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉም ይደክማል፣ እግር ይዘገይና እጅ ይቀድማል። ያኔ ወደ ቅርጫቱ የሚገባ ልጅ ያለህ ከሆነ ሰዓቱ ቆሞለት፣ ማንም ሳይነካው፣ ከቦርዱ 4.6 ሜትር ርቆ ይወረውራል። አጭሩን ልጅ በዚህ ዓይን እየው። ሲመቱት ተነሥቶ ደግሞ ይገባል ወይ? ስቶ ሲመለስ አንገቱን ይደፋል ወይስ ኳስ ይጠይቃል?

አንድ ነገር ላጫውትህ። የምንለማመድበት ሜዳ ሲሚንቶ ነበር፤ በግራ በኩል ሪንጉ ሥር ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃ ይቋጥራል። መረብም አልነበረውም። መረብ የሌለው ሪንግ ላይ ኳስ ሲገባ ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ ልጆቹ «ገባ»፣ «አልገባም» እየተባባሉ ይጨቃጨቁ ነበር። (መረብ ከሌላችሁ ከሲባጎም ቢሆን ሠርታችሁ አንጠልጥሉ፣ ያቺ «ሽው» የምትል ድምፅ ለልጅ ትልቅ ነገር ናት።) አንድ ቀን አንዱ ልጃችን ሁለቱንም ቅጣት ውርወራ ስቶ በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። በማግስቱ በጠዋት ስመጣ ጋቢውን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ውሃውን በመጥረጊያ ሲጠርግ አገኘሁት። አላናገርኩትም፣ ከሩቅ ቆሜ አየሁት። ጠርጎ ሲጨርስ ወረወረ፣ ኳሱን ራሱ ሮጦ አመጣ፣ ደግሞ ወረወረ። በነጥብ ብዛት ከቡድኑ ሦስተኛ ነበር። ከዚያን ቀን በኋላ ግን የመጨረሻው ኳስ የማን እንደሆነ እኔም ልጆቹም አልጠየቅንም።

እንዲህ ያለው ልጅ እስኪታይህ ድረስ ሁሉንም ጭንቅ አለማምዳቸው። በየልምምዱ መጨረሻ፣ እግራቸው ዝሎ ሳለ፣ «አንድ ነጥብ ተበልጠናል፣ 14 ሰከንድ ቀርቷል» በልና አጫውታቸው። ሰዓት ከሌላችሁ ተቀማጮቹ ጮክ ብለው ይቁጠሩ፤ ጩኸቱ ራሱ ልምምድ ነው። በየቀኑ የመጨረሻው ኳስ ለሌላ ልጅ ይድረስ። ሲስት ደግሞ አትቆጣ፣ እባክህን። ለመወርወር እንቢ ብሎ ኳሱን ለገፋው ግን ንገረው።

ለጨዋታ ቀን አንድ ቅንብር ይበቃሃል። ኳሱ ለአጭሩ ልጅ ይሰጥ። ረጅሙ መጥቶ ስክሪን ይሥራለት (ማለትም የተከላካዩን መንገድ ቆሞ ይዝጋለት)፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ሪንጉ ይግባ። ከሩቅ የሚወረውረው ጥግ ላይ ይቁም፣ ከዚያም አይነቃነቅ። አጭሩ ሲገባ የጥጉ ተከላካይ ለመርዳት ከመጣ ኳሱ ወደ ጥግ ይሄዳል። የረጅሙ ተከላካይ ከመጣ ለረጅሙ ከፍ ተደርጎ ይሰጣል። ማንም ካልመጣ ራሱ ይጨርሳል። ማንን ልምረጥ ብለኸኝ ነበር፤ በዚህ ቅንብር ሦስቱም ሥራ አላቸው፣ የሚወረውረውን የሚወስነው ተከላካዩ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዳንግላ ነው ያለሁት፣ 16 ዓመቴ ነው። በሴቶች ቡድናችን ብዙ ነጥብ የማገባው እኔ ነኝ። አሰልጣኛችን «ለእሷ ስጧት» ይላል። አሁን ግን ሁለት ሁለት ሆነው ይይዙኛል፣ ወርውሬ ስስት ደግሞ ጓደኞቼ «ስስታም» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ሁለት ሆነው ከያዙሽ አንዷ ጓደኛሽ ባዶዋን ቆማለች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የኤንቢኤ (የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ) ፍጻሜ 6ኛ ጨዋታ ላይ ቺካጎ ቡልስና ዩታ ጃዝ 86 ለ 86 ነበሩ። ሁሉም የቡልሱ ኮከብ ማይክል ጆርዳን ይወረውራል ብሎ ጠበቀ። ሁለተኛ ተከላካይ ሲመጣበት ለቡድን ጓደኛው ለስቲቭ ኬር ሰጠው፣ ኬር አገባው፣ ቡልስም 90 ለ 86 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ኬር ያን ኳስ ሲቀበል እጁ ዝግጁ ነበር።

የአንቺም ጓደኞች እጃቸው ዝግጁ እንዲሆን ኳሱ ቀድሞ፣ ገና በመጀመሪያው ኳርተር፣ ሊደርሳቸው ይገባል። መጨረሻ ላይ ብቻ የምትሰጫት ልጅ ትደነግጣለች። ሌላም ልጠይቅሽ፣ በየትኛው ኳስ ነው የምትጫወቱት? የሴቶቹ 6 ቁጥር ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ያለው የወንዶቹ 7 ቁጥር ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ክብደቱን ሳይለምዱት ይስቱና በራሳቸው ይፈርዳሉ። አሰልጣኛችሁን በትህትና ጠይቂው።

«ስስታም» ያለችሽን ልጅ ደግሞ ነገ ከልምምድ በፊት ለብቻዋ ጥሪያት። ኳስ ከየት በኩል ሲመጣላት እንደሚመቻት ጠይቂያትና ሃያ ጊዜ አቀብያት፣ እሷ ትወርውር፣ አንቺ ኳሱን አምጪ።