የጠመንጃ ሰደፍ በወታደሩ ልክ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ወታደራዊ ጠመንጃ ሰደፍ ልክ ያላችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። በየተራ ልመልስ።

የሰደፍ ርዝመት ከየት እስከ የት ነው የሚለካው?
ከምላጩ እስከ ትከሻ ላይ የሚያርፈው ጫፍ። በቃ።

በልክ ማደል የቅርብ ጊዜ ነገር ነው አይደል?
ኧረ የቆየ ነው ወንድሜ! የእንግሊዞቹ አሮጌ ጠመንጃ ሊ-ኤንፊልድ ሰደፉ ከፊተኛው እንጨት የተለየ ነው፤ በአንድ ረጅም ብሎን ይታሰራል። ስለዚህ በአራት ልክ ተሠራ፦ ረጅም፣ መደበኛ፣ አጭር፣ ከሁሉም ያጠረው ደግሞ «ባንታም»። ልዩነታቸው ግማሽ ግማሽ ኢንች ነው፤ 1.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ትንሽ ትመስላለች፣ ትከሻ ግን ያውቃታል። የሊ-ኤንፊልድን አሮጌ ሞዴል፣ ማርክ 3ን፣ የያዛችሁ ግን ተጠንቀቁ፦ የፊቱን እንጨት ሳታወልቁ ያንን ብሎን ካዞራችሁ እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ቁመቴ አጭር ነው። ሰደፉ ቢረዝምብኝ ምን ይመጣል?
እህቴ፣ ከቁመትሽ ይልቅ ክንድሽንና አንገትሽን እይ። ሰደፉ ሲረዝም ጉንጭሽ ቦታውን አይዝም፣ ዓይንሽ ከማነጣጠሪያው ይርቃል። ሰደፉም ከትከሻሽ ተንሸራቶ ክንድሽ ላይ ይወጣል፤ ሲራገጥ እዚያው ነው የሚመታሽ። ሲያጥር ደግሞ የገዛ አውራ ጣትሽ አፍንጫሽን ይመታል።

ክርን አጥፎ፣ ሰደፉን እዚያ አስደግፎ ጣት ምላጩ ላይ መድረሱን በማየት መለካት ይበቃል?
ለመነሻ ያህል። እኔ ብዙም አላምነውም። ቆመህ የተስማማህ ሰደፍ በደረትህ ስትተኛ ሌላ ሊሆን ይችላል። ጥይት መከላከያ ሰደርያና ወፍራም ካፖርት ሲጨመርማ ሰደፉ የረዘመ ያህል ነው። ስለዚህ ሙሉ ትጥቅህን ለብሰህ ሞክረው።

ታዲያ ለምን ሁሉም የሚሳብ ሰደፍ አልሆነም?
የአሜሪካኖቹ ጠመንጃ ኤም 4 የሚሳብ ነው፤ በየደረጃው ይረዝማል፣ ያጥራል። ከእሱ በፊት የነበረው ኤም 16 ኤ 2 ግን የማይንቀሳቀስ ሰደፍ ነበረው፤ ይባስ ብሎ ከቀዳሚው ኤም 16 ኤ 1 በ1.6 ሴንቲ ሜትር ረዘመ። ያለ ሰደርያ ለረጅም ሰው ጥሩ ነበር፤ ለአጭሩ ከነትጥቁ ፈተና ነው። የፈረንሳዩን ፋማስንና የእንግሊዙን ኤስ ኤ 80ን የመሳሰሉት ጠመንጃዎች ደግሞ መተኮሻ አካላቸው ሰደፉ ውስጥ ስለሆነ ማሳጠር የሚታሰብ አይደለም። ጫፉ ላይ ንጣፍ ጨምሮ ማስረዘም ግን ይቻላል።

የእንጨቱን ሰደፍ በመጋዝ ላሳጥረው?
የመንግሥት ጠመንጃ ከሆነ በፍጹም! የጦር መሣሪያ ጠጋኙን አጭሩን ጠይቀው።