የኋላ ፍሬን ሲይዝ፣ ታምቡር ሲግል፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ብዙ ዓመት አዘዞ ላይ መኪና ስፈታ ስገጥም ኖሬያለሁ። በተለይ ክረምት ላይ ስለ ኋላ ፍሬን ጥያቄ ይበዛብኛል። ሰሞኑን የተጠየቅሁትን እዚህ እመልሳለሁ። ታምቡር የምለው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት ነው፤ ሸራ ደግሞ ከውስጥ ታምቡሩን ተጭኖ የሚያቆመው የፍሬን ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሃይሩፍ ነው የምነዳው። ከጎንደር ተነስቼ አምባ ጊዮርጊስ ስቆም የቀኝ የኋላ ጎማ እንደ ምጣድ ግሏል። ግራው ደህና ነው። ሸራ ልቀይር?

መልስ፦ ቆይ ወንድሜ፣ ሸራ ለመግዛት አትሩጥ። እስከ አምባ ጊዮርጊስ መንገዱ ይበልጡን ዳገት ነው። ፍሬን ብዙም ሳትነካ ከጋለ፣ ሳትረግጠው ይዞ እየሄደ ነው ማለት ነው። ምን እንደያዘው መለየት አለብን።

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመህ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፍ። ማርሹን ዜሮ አድርገህ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። ከኋላ በክሪክ አንሳውና በጠንካራ ማቆሚያ አስደግፈው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር እንዳትገባ፣ አደራ! ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ረግጠህ ልቀቅና ጎማውን በእጅህ አሽከርክር። ከያዘ፣ ከጎማው ጀርባ ያለችውን የፍሬን አየር ማውጫ ብሎን ትንሽ ላላ አድርጋት። ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ከተለቀቀ፣ የታመቀ ግፊት ነበር፤ ዘይቱ መመለሻ አጥቷል። ካልተለቀቀ ችግሩ ታምቡሩ ውስጥ ወይም የእጅ ፍሬን ገመዱ ላይ ነው።

የአንተ ሁለተኛው ይመስለኛል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ ለኋላ የሚወርደው የፍሬን ዘይት ቱቦ (ከጎማ የተሠራው) አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፣ ለሁለቱም ጎማ ያገለግላል። ቱቦው ከውስጥ አብጦ ቢዘጋ ግራውም ይግል ነበር።

ታምቡሩን ስታወጣ ሞላዎቹን ተመልከት። ግለው ሰማያዊ የመሰሉ ወይም የተለጠጡ ከሆኑ ሸራውን አይመልሱም፣ ቀይራቸው። ሸራውን በዘይት ግፊት የሚገፋውን የሲሊንደሩን የአቧራ ጎማ ገለጥ አድርግ። ውስጡ ከዛገ ፒስቶኑ ተጣብቋል። ብዙ ሰው የማያየው ሌላም ነገር አለ። ሸራውን የተሸከመው ብረት ከኋላው ባለው ሰሃን ላይ የሚንሸራተትባቸው ቦታዎች አሉ። በቅርቡ አንድ ሚኒባስ ፈትቼ እዚያ ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ጥፍሬ ገባ። ብረቱ ተበልቶ ጎድጉዷል፣ ሸራው ሲመለስ እዚያ ይሰነቀራል። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አዲስ ሸራ አስገብቶ ነበር፣ ምስኪን። እንዲህ ያለው ተሞልቶ በብየዳ ይስተካከላል ወይም ሰሃኑ ይቀየራል። ከዚያ ሙቀት የሚችል ግራሶ ስስ አድርገህ ቀባው። ሸራው ፊት ላይ ግን ጠብታ እንዳይነካ።

ጥያቄ፦ ሸራ ካስቀየርኩ ወዲህ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ይግላሉ። መካኒኩ «ይለመዳል» አለኝ።

መልስ፦ አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይሽተት እንጂ፣ ጎማው በእጅ አልዞር እስኪል መያዝ የለበትም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የእጅ ፍሬን ገመዱ በአሮጌው ሸራ ጊዜ ተወጥሮ ነበር፣ አዲሱ ሲገባ ሳይላላ ተገጠመ። ገመዱ መጀመሪያ ይላላ። ቀጥሎ ሸራው በማስተካከያዋ ጥርስ ይጥበቅ፣ ጎማው በስሱ ሸርተት እያለ በነፃ እስኪዞር። ገመዱ የመጨረሻ ነው። ይህም ካልፈታው የፔዳሉን ልቅነት አስለካ። ፔዳሉ ምንም ልቅ ከሌለው ማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል፣ ዘይቱን መልሶ አይለቅም።

ጥያቄ፦ ቪትዜን የእጅ ፍሬን ስቤ ሦስት ቀን ዝናብ ላይ አቆምኳት። አሁን የኋላ ጎማዋ አልንቀሳቀስም አለ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣብቋል። ነዳጅ ሰጥተሽ በግድ አትጎትቻት፣ ሸራው ከብረቱ ሊላቀቅ ይችላል። የእጅ ፍሬኑን ልቀቂና ቀስ ብለሽ ወደፊትና ወደኋላ ሞክሪ። እምቢ ካለች መካኒክ ታምቡሩን ዙሪያውን በመዶሻ ቀስ እያለ ይምታልሽ። ሌላ ጊዜ ለቀናት ስታቆሚያት ሜዳ ላይ፣ ማርሽ አስገብተሽ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፊ።

ጥያቄ፦ ሊማሊሞን ስንወርድ ረዳቱ የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ያፈሳል። ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ወይም ሊጣመም ይችላል። ቆማችሁ በንፋስ ይብረድ፣ በጋለበት የእጅ ፍሬን አትሳቡ። ቁልቁለቱን ከመጀመሪያው በከባድ ማርሽ ውረዱ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ። የፍሬን ዘይቱም ያረጀ እንዳይሆን። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መስፈርቱ 140 ነው። ሲፈላ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል፣ ያ ደግሞ ሊማሊሞ ላይ የሚሆን ነገር አይደለም። በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት።

ጥያቄ፦ ባጃጄ ላይ የፍሬን ዘይት ስላጣሁ የሞተር ዘይት ጨመርኩ። አሁን ፍሬኑ ይዞ አይለቅም።

መልስ፦ አትንዳት ልጄ። የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒዎችን፣ ዘይቱ እንዳያልፍ የሚይዙትን ጎማዎች፣ ያሳብጣል። ዘይቱን ማፍሰስ ብቻውን አያድናትም። የማስተሩና የሦስቱም ጎማ ጎሚኒዎች፣ ቱቦዎቹም ጭምር ይቀየሩ። መስመሩ ታጥቦ ትክክለኛው ዘይት ይግባ፣ አየሩም ይውጣ። እስከዚያ ጋራዥ የምትሄደው ተጭና ነው።