ወንበሩን ሳያዩ ነጥቡን አያዛውሩ

የዚህ ወር የጥያቄና መልስ ዓምዳችን ለማይል (አየር መንገዶች ለደንበኞቻቸው ለሚሰጡት፣ ቲኬት ለሚቆረጥበት ነጥብ) እና ለክሬዲት ካርድ ነጥብ ተሰጥቷል። ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙ ሰው የሚጋራቸውን አምስቱን መርጠናል። ፕሮግራሞቹ ተመናቸውን ያለ ብዙ ማስጠንቀቂያ ስለሚለውጡ፣ እዚህ የጠቀስነውን ቁጥር ከመክፈልዎ በፊት ከየድርጅቱ ገጽ ጋር ያመሳክሩት።

ጥያቄ፦ በቼዝ ሳፋየር ካርዴ 110 ሺህ ነጥብ አጠራቅሜአለሁ። ለገና እናቴን ይዤ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ በቢዝነስ ክላስ ደርሼ መመለስ እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ «ነጥቡን ዩናይትድ አስገባው፣ ሌላው ቀላል ነው» ይለኛል። ልስማው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ዛሬ አይስሙት። ካርዱን ከሰጠዎት ባንክ ከቼዝ ወደ አየር መንገድ የተዛወረ ነጥብ ተመልሶ አይመጣም። ቼዝ ቤት እስካለ ድረስ ወደ ዩናይትድም፣ ወደ ኤር ካናዳም፣ ወደ ሲንጋፖር አየር መንገድም ሊሄድ ይችላል። አንዴ ዩናይትድ ከገባ ግን የዩናይትድ ማይል ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ወንበሩ ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2011) ጀምሮ የአየር መንገዶች ኅብረት የሆነው የስታር አላያንስ አባል ስለሆነ፣ የዩናይትድም ሆነ የኤር ካናዳ ማይል ይቀበላል። ነገር ግን ለአጋሮቹ በማይል የሚለቀው የቢዝነስ ወንበር ጥቂት ነው። በገንዘብ ሲፈልጉ ዘጠኝ ወንበር ባዶ ሊታይዎት፣ በማይል ሲፈልጉ አንድም ላያገኙ ይችላሉ። በስታር አላያንስ አሠራር በማይል የሚሰጠው የቢዝነስ ወንበር የሚመዘገበው «አይ» በተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ በአማርኛ ሲሰሙት መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው።

ፍለጋው እንዲህ ነው። በዩናይትድና በኤር ካናዳ ገጾች ላይ አካውንት ይክፈቱ፤ በነፃ ነው። ከዚያ በማይል መክፈልን መርጠው ከደለስ (ከዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ) ወደ ቦሌ መሄጃውን ብቻ፣ ለአንድ ሰው ይፈልጉ። ከተገኘ ለሁለት ሰው ይድገሙት። ከመጀመሪያው ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ ብለው ከፈለጉ፣ አንድ ወንበር ያለበት ቀን ሁሉ ይደበቅብዎታል። መመለሻውንም ለብቻው ይፈልጉ። ያው በረራ በሁለቱም ገጾች ከታየ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ በአንዱ ብቻ ታይቶ ሊከፍሉ ሲሉ የሚጠፋ ወንበርም አለና። በመጨረሻ የመክፈያው ገጽ እስኪደርሱ ይግፉት፤ ስንት ማይል እንደጎደለዎት ሲነግርዎት ያን ጊዜ ያዛውሩ። ከቼዝ ወደ ዩናይትድ የሚደረገው ዝውውር አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚዛወረውም በሺህ ሺህ ነው።

የትኛው ፕሮግራም ይሻላል? ለዚህ መስመር ሚዛናችን የሚያደላው ለኤር ካናዳው ኤሮፕላን ነው (ስሙ ያደናግራል፣ ምን ይደረግ)። ዩናይትድ የተመን ሰንጠረዡን ካነሳ ቆይቷል፣ ዋጋው በፈለገው ቀን ይነሳል። ኤሮፕላን ግን በአብዛኞቹ አጋር አየር መንገዶች ላይ አሁንም ርቀትን መሠረት ያደረገ ሰንጠረዥ አለው። ከደለስ እስከ ቦሌ ርቀቱ 7,185 ማይል ያህል ነው፤ ይህም ከ6,001 እስከ 8,000 ማይል ባለው እርከን ውስጥ ይወድቃል። ሰንጠረዡ በፈረንጆቹ 2020 ሲወጣ በዚህ እርከን ለአንድ ጉዞ ቢዝነስ 85,000፣ ኢኮኖሚ 55,000 ነጥብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሰንጠረዡ ስለተነካካ የዕለቱን ዋጋ ይዩ። የነዳጅ ጭማሪ የሚባለውን አይጠይቅም። የሚከፍሉት የኤርፖርት ታክስና ለአጋር በረራ 39 የካናዳ ዶላር ነው። ቢሰርዙ ግን በተለምዶ 150 የካናዳ ዶላር ያስከፍላል። በዚህ በኩል ዩናይትድ ይሻላል፤ ከበረራው በፊት ከሰረዙ ማይሉን ያለ ቅጣት ይመልሳል።

እንግዲህ ሒሳቡን ይዩት። 110 ሺህ ነጥብ ለሁለት ሰው ቢዝነስ በአንድ አቅጣጫ እንኳ አይበቃም። የሚበቃው ለአንድ ሰው አንድ ጉዞ ነው፤ ያም የእናትዎ መሆኑ ግልጽ ነው። ቲኬቱን ከእርስዎ አካውንት በእናትዎ ስም መቁረጥ ይቻላል፣ እሳቸው አባል መሆን አያስፈልጋቸውም። ምክራችን ለመመለሻው እንዲያውሉት ነው። ከደለስ ወደ ቦሌ በቀጥታ ይበረራል። ከቦሌ ወደ አሜሪካ ሲነሳ ግን አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ ይሞላል። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፣ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ ረጅሙና አድካሚው ጉዞ መመለሻው ነው፤ እግር መዘርጋት የሚያስፈልገውም ያን ጊዜ ነው።

ገናን በተመለከተ፦ የፈረንጆቹ ገና፣ የኛ ገናና ጥምቀት ተከታትለው ስለሚመጡ ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር 11 በማይል ወንበር ማግኘት ጭንቅ ነው። ወይ ከ11 ወር በፊት፣ ወንበሩ ገና ሲለቀቅ ይያዙ፤ ወይ እስከ መጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የመጠበቅ ልብ ይኑርዎት። መመለሻዎን ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት መካከል፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢያደርጉት ይቀልልዎታል።

ሌላው ዕቃ ቤት የተቀመጠ ጥቅም፦ ኤሮፕላን ላይ 5,000 ነጥብ ጨምረው በአንድ መንገድ ቲኬት አዲስ አበባ እስከ 45 ቀን ቆይተው ወደ ሌላ አገር መቀጠል ይቻላል። ናይሮቢ ቢጨመር ድምሩ 7,900 ማይል ገደማ ስለሚሆን እርከኑ አይለወጥም። ዛንዚባር ቢሆን ግን 8,000ን ያልፍና ወደ ውዱ እርከን ይገባሉ።

ወንበር ሲመርጡ ካርታውን ይዩ። በብዙዎቹ ድሪምላይነሮች (ቦይንግ 787 አውሮፕላኖች) ላይ ክላውድ ናይን የሚባለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቢዝነስ ክላስ ሁለት ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የተደረደረው። በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ሌሊት ለመነሳት ጎረቤቱን መሻገር አለበት። እናትዎ ብቻቸውን ከሆኑ ከመሃሉ ጥንድ አንዱን ይያዙላቸው፤ ከሁለቱም ወደ መተላለፊያው በቀጥታ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ሦስት ጊዜ አገር ቤት ደርሼ ተመለስኩ፤ አንድም ማይል አልገባልኝም። የአባልነት ቁጥሬን ሁልጊዜ እሰጣለሁ። (ከዳላስ)

መልስ፦ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ ጥፋቱ የስም ነው። አንዳንዱ የአሜሪካ ወረቀታችን የአባትን ስም «ላስት ኔም» ያደርጋል፤ ሌላው የአባትን መሃል አስገብቶ የአያትን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የማይል አካውንቱ በአባት ስም፣ ቲኬቱ በአያት ስም ከሆነ ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው አድርጎ ያያችኋል። አጻጻፍም አለ፤ «ፀሐይ» አንዱ ላይ በ«ቲ ኤስ»፣ ሌላው ላይ በ«ቲ» ብቻ ተጽፋ ትገኛለች።

አካውንቱን ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር ያስተካክሉ፤ ለደንበኞች አገልግሎት የፓስፖርት ቅጂ ልኮ ማስለወጥ ይቻላል። አዲስ አካውንት አይክፈቱ፣ ሁለት አካውንት ሌላ ጣጣ ነው። ያለፉትን በረራዎች ለመጠየቅ ባለ 13 አሃዝ የቲኬት ቁጥርና ቦርዲንግ ፓስ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቲኬት በ071 ይጀምራል፤ በኢሜይል የሚደርሰው ባለ ስድስት ፊደልና ቁጥር የቦታ ማስያዣ ኮድ አይተካውም። የጥያቄ ጊዜውም ይዘጋል፣ ስለዚህ ቦርዲንግ ፓሱን ማይሉ እስኪገባ አይጣሉት፤ ስልክ ላይ ከሆነ ፎቶ ያንሱት።

ይኸው የስም ጉዳይ ነጥብ ሲያዛውሩም ይገጥማል። የካርዱ ስምና የአየር መንገዱ አካውንት ስም መግጠም አለባቸው። የባለቤትዎን ነጥብ ወደ እርስዎ አካውንት ለማስገባት ቼዝም አሜክስም (አሜሪካን ኤክስፕረስ) በካርዱ ላይ ተጨማሪ ተጠቃሚ መሆንን ይጠይቃሉ፤ አሜክስ ደግሞ ከተጨመሩ 90 ቀን ካልሞላዎት አይፈቅድም። ከዚህ የሚቀለው በአየር መንገዱ በኩል ማዋሐድ ነው፤ ኤሮፕላን እስከ ስምንት የቤተሰብ አባል ነጥቡን በአንድ ቋት እንዲያደርግ ይፈቅዳል።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው የ5,000 ዶላር የቢዝነስ ቲኬት በ2,200 ይሸጥልኛል። ቲኬቱ በገጹ ላይ በስሜ ይታያል። ምን ችግር አለው? (ከለንደን)

መልስ፦ ቲኬቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ችግሩ የተቆረጠበት ማይል የማን እንደሆነ ነው። ብዙውን ጊዜ ከማያውቁት ሰው አካውንት ነው የሚወጣው፣ አንዳንዴም የተሰረቀ ነው። ማይል መሸጥና መግዛት በፕሮግራሞቹ ደንብ የተከለከለ ስለሆነ አየር መንገዱ ከደረሰበት ቲኬቱን ይሰርዛል። መሄጃውን በረው መመለሻው ቢሰረዝብዎት ቦሌ ቆመው የዕለቱን ዋጋ ከኪስዎ ይከፍላሉ። ሻጩም በረራ ቢለወጥ ሊረዳዎት አይችልም፤ መቀየር የሚችለው የአካውንቱ ባለቤት ብቻ ነው። ደረሰኝዎን ይዩ፦ የከፈሉት ዋጋ ቦታ ላይ ታክስ ብቻ ከተጻፈ፣ በማይል የተቆረጠ ነው። እኛ አንገዛውም።

ጥያቄ፦ በአዲስ ካርድ 60 ሺህ ነጥብ ቦነስ ለማግኘት በሦስት ወር 5,000 ዶላር ማውጣት አለብኝ። ለቤተሰብ የምልከውን ገንዘብ በካርዱ ባደርገውስ? (ከሲያትል)

መልስ፦ አያድርጉት። ገንዘብ መላክን ብዙ ባንኮች እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥሩታል፦ ነጥብ የለውም፣ ለቦነሱ አይቆጠርም፣ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ዕለት ይጀምራል። የካርዱ ዓመታዊ ክፍያም ወደ 5,000ው አይገባም። ዕቁብም በካርድ አይጣልም። የመኪና ኢንሹራንስ የስድስት ወሩን ባንዴ መክፈል፣ የጥርስ ሐኪም፣ ለሠርግ አዳራሽ ቀብድ፤ እንዲህ ያለው፣ ለማንኛውም የሚወጣ ወጪ ሲመጣ ነው ካርድ ማውጣት።

ዕዳውን ሳይከፍሉ ወደ ቀጣዩ ወር ካዞሩት ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። በ24 በመቶ ዓመታዊ ወለድ 5,000 ዶላር በወር 100 ዶላር ይበላል። በስድስት ወር 600 ዶላር፣ ማለትም አንዱን ነጥብ በአንድ ሳንቲም ቢያስቡት ቦነሱን በሙሉ። ቼዝ ባለፉት 24 ወራት አምስትና ከዚያ በላይ ካርድ ላወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ እንደማይፈቅድም ይወቁ፤ ስለዚህ የሱቅ ካርድ በ10 በመቶ ቅናሽ ተታልለው አያውጡ።

ጥያቄ፦ በዓመት አምስት ስድስት ጊዜ ጓንጁ እመላለሳለሁ። ማይሉን ሼባ ማይልስ (የኢትዮጵያ አየር መንገድ ፕሮግራም) ላይ ላድርገው ወይስ ሌላ ላይ? (ከመርካቶ)

መልስ፦ በአንድ በረራ ማይል የሚገባው አንድ ፕሮግራም ላይ ብቻ ነው፣ መበተን ኪሳራ ነው። ለእርስዎ ከነፃ ቲኬት ይልቅ የሚጠቅመው የአባልነት ደረጃው ነው። ሼባ ማይልስ ጎልድ ሲደርሱ የስታር አላያንስ ጎልድ ይሆናሉ፤ በኢኮኖሚ እየበረሩም ላውንጅ ይገባሉ፣ በኪሎ በሚለካ መስመር 20 ኪሎ፣ በቁራጭ በሚቆጠር መስመር አንድ ሻንጣ ይጨመርልዎታል። ለነጋዴ ይህ ከቢዝነስ ወንበር የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቲኬት ሲቆርጡ የዋጋ ክፍሉን ፊደል ኤጀንቱን ይጠይቁ። በጣም የረከሰው ክፍል የበረሩበትን ርቀት በከፊል ብቻ ነው የሚቆጥረው። የ40 ዶላር ልዩነት ያለው ቀጣዩ ክፍል እጥፍ ማይል የሚሰጥ ከሆነ፣ በስድስት ጉዞ ደረጃ መድረስና አለመድረስን የሚለየው እሱ ነው። የሼባ ማይልስ ማይል ሦስት ዓመት ሲሞላው ይቃጠላል፤ የቆየው መቼ እንደሚያልቅ አካውንትዎ ላይ በየወሩ ተዘርዝሮ ያገኙታል።