ቅጠሉን መቀንጠስ ይብቃሽ

«በረንዳዬ ላይ ያለው ጽጌረዳ መጀመሪያ ቅጠሉ ተበሳሳ፣ ቀጥሎ አመድ የተነፋበት መሰለ። የተጎዳውን ሁሉ ቀነጠስኩ፣ ፍሊት ነፋሁበት፣ ዩሪያም ጨመርኩ። ባሰበት!» ላልሽኝ እህቴ።

ቅጠሉን እንዳልነካሽው ብትተዪው ይሻል ነበር። ቅጠል እንደኛ ቆዳ ቁስሉ አይሞላም፤ ተክሉ የሚያደርገው ጠርዙን አድርቆ መዝጋት ብቻ ነው። ቀዳዳው ዙሪያውን ቡናማ የሚሆነውም ለዚህ ነው። የቀረው አረንጓዴ ግን ሥራ ላይ ነው፣ ግማሹ የተበላ ቅጠል እንኳ ለተክሉ ምግብ ያዘጋጃል። ሁሉንም ስትቀነጥሺው በግንዱና በሥሩ ያጠራቀመውን ስንቅ አውጥቶ እንደገና ማቆጥቆጥ አለበት፣ ይህን ሁለት ሦስቴ ካደረግሽበት አቅሙ ያልቃል።

ደግሞ ተክሉ ዝም ብሎ አይበላም። ትል አንዱን ቅጠል ሲነክስ መልእክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሌሎቹ ቅጠሎች ጋ ይደርሳል። ጃስሞኒክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ይጨምርና ቅጠሉ ለበላተኛው የማይመች ይሆናል። ይህ ጉልበት ስለሚጠይቅ እድገቱ ለጊዜው ቀስ ይላል፤ ሞተ ብለሽ አትደንግጪ።

አመድ የመሰለው ግን የትል ሥራ አይደለም፣ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይመስለኛል። ነጭ ወረቀት ዘርግተሽ ቅጠሉን ከላዩ አራግፊው። ከግማሽ ሚሊሜትር የማይበልጡ ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ካየሽ እሱ ነው። ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ ሴሎቹን አንድ በአንድ ይመጥጣቸዋል፣ ነጫጮቹ ነጥቦች ባዶ የቀሩ ሴሎች ናቸው። በሞቃት የበጋ ቀን ከእንቁላል ተነስቶ ለመራባት አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል።

የተጠቃ ቅጠል ሽታ ይለቃል (ሣር ሲታጨድ የሚሸትሽ ዓይነት ነገር አለበት)፣ ሽታውን ተከትለው ቀይ ሸረሪትን የሚበሉ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት ይመጣሉ። የአበባ እርሻዎች እነዚህን ገዝተው ነው የሚለቁት። አንቺ በፍሊት ፈጀሻቸው፣ ቀይ ሸረሪቱ ደግሞ የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት ስላልሆነ ከፍሊቱ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ዩሪያው ቅጠሉን ለስላሳና ጭማቂ አደረገለት፣ ድግስ ደገስሽለት ማለት ነው።

አሁን ዩሪያውንም ፍሊቱንም አቁሚ። ጠዋት ጠዋት በየሁለት ሦስት ቀኑ የቅጠሉን ሥር በውሃ ግፊት እጠቢው፣ ለሁለት ሳምንት ያህል። ካልቀነሰ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሪ። በማግስቱ ካላቃጠለው ማታ ከቅጠሉ ሥር ንፊው፣ ጠዋት አለቅልቂው። መቁረጥ ያለብሽ የደረቀውንና ድር ያደራበትን ብቻ ነው።

አሮጌው ቅጠል ነጥቡ አይጠፋለትም፣ እሱን እያየሽ አትጨነቂ። ጫፍ ላይ የሚወጣውን ቀይ ለጋ ተከታተዪ፤ እሱ ሲያድግ ነጥብ ካልያዘ መድኃኒት አትጨምሪበት።