ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የሳል ሽሮፑን ለሁለቱም ልጆቼ ልስጥ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን አገር፣ ፍራንክፈርት ነው። የ5 ዓመት ልጄ ጉንፋን ከያዘው ሳምንት አልፎታል፤ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል። ፋርማሲስቷ «ኤፎይ» ከሚባል ቅጠል የተሠራ ሽሮፕ ሰጥታኛለች። አሁን የ8 ወር እህቱም ማሳል ጀምራለች። ከዚያው ጠርሙስ ጥቂት ልስጣት ወይስ ጦስኝ በማር ላጠጣቸው?

መልስ፦ ለትንሿ ልጅዎ ሽሮፑንም ማሩንም አይስጧት። ኤፎይ በአውሮፓ ግንብና ዛፍ ላይ እየተጠመጠመ የሚያድግ ሐረግ ሲሆን፣ በቅጠሉ ውስጥ የሚገኙት ሳፖኒን የተባሉ ንጥረ ነገሮች አክታን ያቀጥናሉ ተብሎ ይታመናል። ሆኖም ከ2 ዓመት በታች ያለ ሕፃን የአየር ቧንቧው ጠባብ፣ አክታ የማስወጣት አቅሙም ደካማ በመሆኑ፣ እንዲህ ያለው መድኃኒት ሕመሙን ሊያብስበት ይችላል። በመሆኑም በአውሮፓ ሕብረት የመድኃኒት መመሪያ ለዚህ ዕድሜ የተከለከለ ነው። ማር ደግሞ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ቦቱሊዝም የተባለውን ከባድ የመመረዝ ሕመም የሚያስከትለውን ባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል፤ ዘሩ ገና 1 ዓመት ባልሞላው ሕፃን አንጀት ውስጥ ተራብቶ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል፣ በቤት ውስጥ ማፍላትም ዘሩን አያጠፋውም። ለእርሷ ጡት ደጋግሞ ማጥባትና የታፈነ አፍንጫዋን በጨው ውኃ ጠብታ ማጽዳት ይበቃታል።

ለወንዱ ልጅዎ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን መስጠት ይችላሉ፤ ነገር ግን ብዙ አይጠብቁ። በቫይረስ የሚመጣ ሳል እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ በራሱ የሚሻለው ሲሆን፣ ሽሮፑ ጥቂት ያቀልለት እንደሆነ እንጂ አያድነውም። አንዳንዱ ሽሮፕ ሶርቢቶል የተባለ ማጣፈጫ ስላለው ሆድ ሊያላላ ይችላል። እኔ ብሆን የማስቀድመው ማርን ነው፤ ከመኝታ በፊት አንድ ማንኪያ ማር የሌሊት ሳልን እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል። ጦስኝም ቢሆን እንግዳ አይደለም፣ የእኛ ጦስኝ የቅርብ ዘመድ የሆነው ተክል በጀርመን ፋርማሲዎች በሽሮፕ መልክ ይሸጣል፤ ሲገዙ ግን አልኮል የሌለበትን ይምረጡ። ከግንብ ላይ የተቀነጠሰ የኤፎይ ቅጠል ግን መርዛማ ስለሆነ በፍጹም በቤት አፍልተው አይስጡት።

ልጁ ትኩሳት ኖሮት ጉሮሮው ቀልቶ ምግብ መዋጥ ካቃተው፣ ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ የሚመጣ የቶንሲል ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ትንሿ ደግሞ በደቂቃ 50 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰች፣ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጡት መሳብ ካቃታት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት፤ ከንፈሯ ከጠቆረ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 112 ይደውሉ።