«ሮም ስትደርሱ እኔ ሥራ አለኝ» ያለው ባል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። 40 ዓመቴ ነው፣ ባሌ ደግሞ 44። የ11 ዓመት ሴት ልጅና የ7 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። እስከ ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ አበባ ነበር የምንሄደው። ሻንጣ ሙሉ ስጦታ፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ስንመለስ ዕዳ። ዘንድሮ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ለራሳችን ብዬ የ11 ቀን የባቡር ጉዞ አቀድኩ። ፍሎረንስ፣ ሮም፣ ቬኒስ፣ ቪየና፣ ፕራግ። ሁሉንም በሰዓት በሰዓት ኤክሴል ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሮም ላይ ከኮሎሲየም ሌላ የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበትን ቦታ ለልጆቹ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ስሙን ያገኘው ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ከደመሰሷቸው ጣሊያኖች መሆኑንም አንብቤያለሁ። ሆቴሉን የያዝኩት እዚያው ቴርሚኒ አጠገብ ነው።

ባሌ ግን በምንም አላገዘኝም። መልሱ ሁሌ «እንደፈለግሽ» ነው። ጣሊያንኛ ይችላል፤ ሳንተዋወቅ በፊት፣ ጀርመን ሳይገባ፣ ሦስት ዓመት ሮም ኖሯል። ፓላዞ ሰላም የሚባል ቤት እኖር ነበር ብሎኛል አንድ ጊዜ። ባለፈው ሳምንት «ሮም ስትሆኑ ኡርላውብ (የሥራ ፈቃድ ዕረፍት) አላገኘሁም፣ ቬኒስ ላይ እቀላቀላችኋለሁ» አለኝ። አብሮት የሚሠራ ሰው ስጠይቅ ጭራሽ ፈቃድ አልጠየቀም። ልጆቹ ፊት «ግድ የለሽ» ብዬ ጮህኩበት፤ ዝም አለኝ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሮም ውስጥ ሴት ትኖረዋለች ብዬ ጠርጥሬያለሁ። ምናልባትም ልጅ። ጉዞውን ልሰርዘው ወይስ ላፋጥጠው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጉዞው ልጀምር። ዓመቱን ሙሉ ለፍቶ ክረምቱን ለዘመድ ሻንጣ በመሙላት መጨረስ ምን ያህል እንደሚያደክም ውጭ የሚኖር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ለራሳችሁ 11 ቀን መፈለግሽ ራስ ወዳድነት አይደለም። ልጆችሽ የአሉላን ስም ሮም መሀል ቆመው እንዲሰሙ መመኘትሽንም ወድጄዋለሁ። ዶጋሊ በፈረንጆች 1887 የሆነ ጦርነት ነው፤ አደባባዩ ዛሬም በእነዚያ «አምስት መቶዎች» ነው የሚጠራው። የአክሱም ሐውልት ደግሞ በ1937 ተወስዶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ዛሬ የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) መሥሪያ ቤት ካለበት ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሞ ኖሮ በ2005 ነው አገሩ የገባው። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ይህን እዚያው ቆማ ብትሰማ ዕድሜ ልኳን የምትረሳው አይመስለኝም።

ወደ ጥርጣሬሽ ልምጣ። ባልሽን አላውቀውም። ሴት የለችም ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ግን ደብዳቤሽን ሁለቴም ሦስቴም አነበብኩት። ስልክ ይደብቃል አላልሽም። ገንዘብ ጎደለ አላልሽም። ማታ ማታ ይጠፋል አላልሽም። ሰዓቱን ሳይቀር ኤክሴል ላይ የምትመዘግብ ሴት እንዲህ ያለ ነገር ብታይ ኖሮ ሳትጽፊው አትቀሪም ነበር። ሌላም ነገር አለ። ግድ የሌለው ሰው ለመዋሸት አይደክምም። አብሮ ይሄድና ካፌ ተቀምጦ ስልኩን ሲነካካ ይውላል። ባልሽ ፍሎረንስንም ቬኒስንም ቪየናንም እሺ ብሏል። የሸሸው አንድ ከተማ ብቻ ነው። ለዚያች አንድ ከተማ ሲል ደግሞ ሊነቃበት የሚችል ውሸት ዋሽቷል።

አንቺ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር ላይ ነው እኔ የቆምኩት። ፓላዞ ሰላም።

ስሙ እንደሚያምረው አይደለም። ሮም ዳር፣ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ዩኒቨርሲቲ ለቆት የሄደ ትልቅ ሕንፃ ነው። በፈረንጆች 2006 ማደሪያ ያጡ ስደተኞች ገቡበት። ኤርትራውያን፣ ኢትዮጵያውያን፣ ሶማሌዎች፣ ሱዳኖች። ብዙዎቹ ሶጆርኖ፣ ማለትም የጣሊያን የመኖሪያ ፈቃድ፣ በእጃቸው ነበር። ጣሊያን በዚያ ጊዜ ወረቀት ትሰጥሻለች እንጂ ቤት አትሰጥሽም። መቶዎች ለመቶዎች በማይበቃ መጸዳጃ ቤት ይኖሩ ነበር። በ2012 የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር ሄዶ አይቶት ሁኔታውን በይፋ ነቅፏል። እንዲህ ያለ ቦታ የሚኖር ሰው ቀኑን የት ያሳልፋል? ብዙዎቹ መሀል ከተማ ይወርዱ ነበር። መሀል ከተማ ማለት ደግሞ ለሐበሻ ቴርሚኒ ነው። ሰው የሚገናኘው፣ ሥራ የሚጠየቀው፣ ወሬ የሚሰማው እዚያ ነው። የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅቱ የካሪታስ መመገቢያም ያለው ጣቢያው ጎን ነው።

ሆቴሉን የያዝሽው ቴርሚኒ አጠገብ ነው። ለባቡሩ ስለሚመች ነው፤ ምክንያትሽ ትክክል ነው። እሱ ግን ያንን የኤክሴል መስመር ሲያነብ ምን እንዳየ አስቢው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሚስቶች የሚስቱት ነገር እዚህ ጋ ነው። በሰሃራና በባሕር የመጡ ወንዶችን ለዓመታት አነጋግሬያለሁ። ስለ በረሃው ይነግሩሻል። ስለ ደላላው፣ ስለ ሊቢያ እስር ቤት፣ ስለ ጀልባው ሞተር መጥፋት ይነግሩሻል። አንዳንዴም ቢራ ይዘው እየሳቁ። ምክንያቱም በረሃውና ባሕሩ ውስጥ ጀግንነት አለ። ሞትን አልፎ የመጣ ሰው ታሪክ ነው። የማይነግሩሽ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሰልፉን። በጠራራ ፀሐይ ለአንድ ሳህን ፓስታ መቆሙን። ጣቢያ ውስጥ ካርቶን ላይ መተኛቱን። ቱሪስት በአጠገብሽ ሲያልፍ ቦርሳውን ወደ ደረቱ ሲያስጠጋ ማየቱን። እዚያ ውስጥ ጀግንነት የለም። ማንም አላሳደደሽም፣ ማንም አልተኮሰብሽም። ዝም ብለሽ ትጠብቂያለሽ፣ ሰውም ያይሻል። ፍርሃት ጊዜ ሲያልፍ ይተረካል። ኀፍረት ግን የት እንደሚጀመር እንኳ ለባለቤቱ ግራ ነው።

አሁን ያ ሰው አባት ሆኗል። ቤት አለው፣ ሥራ አለው፣ ልጆቹ «ባባ ሁሉን ያውቃል» የሚሉት ዕድሜ ላይ ናቸው። በዚያ አደባባይ ላይ ካሜራ ይዞ እንዲቆም ነው የጠየቅሽው። ከዚያ ሁሉ ደግሞ የሚብሰው ይኼ ሳይሆን አይቀርም፦ ዛሬም እዚያ አካባቢ የተቀመጠ የሚያውቀው ሰው ቢኖርስ? ስሙን ጠርቶ ቢነሳስ? ልጆቹ ፊት አቅፎ «እዚህ ጋ አብረን እንተኛ ነበር» ቢለውስ? እሱ ወጥቶ ጓደኛው ቀርቶ ከሆነ ደግሞ ሌላ ሸክም አለ። ከችግር ተርፎ የወጣ ሰው የቀሩትን ማየት ይፈራል፤ ምንም ያጠፋው ነገር ባይኖርም።

የአሻራውንም ነገር አትርሺ። መጀመሪያ አሻራ የሰጠሽበት አገር የጥገኝነት ጉዳይሽን ይይ የሚለው የዱብሊን ሕግ ስንቱን ሐበሻ ከጀርመን ወደ ጣሊያን እንደመለሰ ታውቂያለሽ። ባልሽ በዚያ በኩል ያለፈ ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ የጀርመን ወራት የፖስታ ሣጥኑን ሲከፍት የመንግሥት ውሳኔ የሚመጣበትን ቢጫ ፖስታ እየፈራ ነበር የሚከፍተው። ለእሱ «ሮም» የሚለው ስም ያኔ የቅጣት አድራሻ ነበር። ዛሬ የጀርመን ፓስፖርት ይዞም ቢሆን ሰውነቱ ያንን ስም እንደ ድሮው ሊሰማው ይችላል።

ይህ ሁሉ ግምት ነው። ልሳሳት እችላለሁ። ግን ከሴቲቱ ግምት ይልቅ ከጻፍሽው ጋር የሚገጥመው ይኸኛው ነው።

አሁን የማይጥምሽን ልናገር፤ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ከዚህ ሰው ጋር ከአሥር ዓመት በላይ ኖረሻል። ስለ ፓላዞ ሰላም የምታውቂው ስሙን ብቻ ነው። እሱ ስላልነገረሽ ነው ልትይ ትችያለሽ። እውነት ነው። ግን ኢንተርኔት ላይ የዶጋሊን አደባባይ ስም እስከ ምንጩ ድረስ ፈልገሽ ያገኘሽ ሴት፣ ይህን ስም አንድ ጊዜ እንኳ ጽፈሽ አልፈለግሽም። ለምን? አንቺም ሳታውቂው ማወቅ ያልፈለግሽ ይመስለኛል። አትፈሪም አልልም፤ የሚያስፈራ ነገር ነው። በየቤታችን «ያለፈ አለፈ» ብለን የምንዋዋለው ዝምታ አለ። ባልም ሚስትም ይፈርሙበታል፤ ለጊዜው ሁለቱንም ያሳርፋል። እናንተ ቤት ያንን ውል ያነቃነቀው የጉዞ ዕቅድ ነው።

«ግድ የለሽ» የሚለው ስድብ ደግሞ ልጆቹ ፊት መሆኑ ከብዶኛል። ከልጆቹ እይታ ለመሸሽ ሲል ዋሸ፤ የተዋረደው እነሱው ፊት ሆነ። መዋሸቱን ትክክል ነው እያልኩሽ አይደለም። ዋሽቶሻል፤ ያማል። ባልደረባውን መጠየቅሽም ግን እሱን ያመዋል፤ እስካሁን ካልሰማ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ካንቺ ቢሰማው ይሻላል።

ምን ታድርጊ? ብዙ የምለው የለኝም። አታፋጥጪው። ልጆቹ ሲተኙ ወይም መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ስትሆኑ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ ጀምሪው። «ሮም ምን ሆነህ ነበር?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ያ ጥያቄ ምርመራ ነው። «ሮምን ሳቅድ አንተ እዚያ እንዴት እንደኖርክ አንድም ቀን አለመጠየቄ ትዝ አለኝ። አሁን ካልፈለግክ አትንገረኝ» ብትይው ይበቃል ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ዝም በይ። ምናልባት እሱም ዝም ይላል። በሦስተኛው ቀን ወይም በሦስተኛው ወር ይመልስልሽ ይሆናል። እንደ ገና በሬ ነጋዴ አትቸኩዪበት።

ምርጫውን ለእሱ ስጪው። ሮምን ከጉዞው ማውጣት ይቻላል። መግባት ከፈለገ ሆቴሉን ከቴርሚኒ አርቂው፤ ትራስቴቬሬ ወይም ቫቲካን አጠገብ ያለው ፕራቲ ሌላ ከተማ ነው የሚመስለው። ሳይመጣ ቬኒስ ላይ ልቀላቀላችሁ ካለም ይሁን፤ ያለ ውሸት ግን። ለልጆቹ «አባታችሁ ሮም ውስጥ ከባድ ጊዜ አሳልፏል፣ ማየት አልፈለገም» ብትያቸው ይገባቸዋል። ከዚህ በላይ ያለውን መንገር ያንቺ ሥራ አይደለም፣ የእሱ ነው። ሦስተኛም መንገድ አለ፤ አንዳንድ ወንዶች መጀመሪያ ብቻቸውን ወይም ከሚስታቸው ጋር ብቻ አንድ ቀን ሄደው አይተው፣ ከዚያ በኋላ ልጆቻቸውን ይዘው ይመለሳሉ። ይህን ግን እሱ ካላነሳው አታንሺው።

ደግሞም 5 ከተማ በ11 ቀን ይበዛል፤ ከባልሽ ጋር ባይያያዝም ልንገርሽ። ከቬኒስ ቪየና ብቻ በባቡር 7 ሰዓት ያልፋል። ከልጆች ጋር ያንን ቀን እንደ ጠፋ ቁጠሪው። ሮም ብትወጣ ጉዞሽ ይቀላል እንጂ አይፈርስም።

እንቅልፍ የማያስተኛው ከሆነ፣ በትንሽ ድምፅ የሚደነግጥ፣ ያለ ምክንያት የሚቆጣ ወይም ጨርሶ የሚዘጋ ከሆነ ግን ደብዳቤ መጻጻፉ አይበቃም። በጀርመን ትልልቅ ከተሞች ለስደተኞች የሥነ ልቦና እርዳታ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ አስተርጓሚም ያዘጋጃሉ። ከመጣ ዓመታት ቢያልፉትም ደውሎ መጠየቅ ይችላል። እሱ እምቢ ካለ አንቺ ብቻሽን ከባለሙያ ጋር ፊት ለፊት ብትነጋገሪ አይከፋም። በአንድ ገጽ ደብዳቤ የተነሳ እኔ የገመትኩትን እሱ ያረጋግጠው ወይም ያፍርሰው።

እስከዚያው የሮሙን ሆቴል እስከ መቼ ያለ ቅጣት መሰረዝ እንደሚቻል ዛሬውኑ እዪ። ቀኑ ካላለፈ ሰርዢው፤ ሌላ ክፍል አይጠፋም። የኮሎሲየሙንም ትኬት ገና ካልገዛሽ እሱ እስኪመልስልሽ ጠብቂ።