ትእዛዙን ከሰነዱ ሳይቀዱ ማስኬድ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ሰርቨራችን ደሴ ባለው ቢሮ ስለሚገኝ የምሠራው ከሩቅ ነው። የዳታቤዙ መጠባበቂያ ቅጂ እንዴት እንደሚወሰድና እንደሚመለስ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ በማርክዳውን (ተራ ጽሑፍን በቀላል ምልክቶች ማደራጃ መንገድ ነው) ጽፎ አስቀምጦልኛል። ትእዛዞቹን ከሰነዱ እየቀዳሁ ተርሚናሉ ላይ፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ እለጥፋለሁ፤ አንዳንዴ ግማሹ ይቀራል፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይለጠፋል። እዚያው ሰነዱ ውስጥ እንዳሉ ማስኬድ ይቻላል ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት እንደሆነ ቢያብራሩልኝ? ደግሞስ አያሰጋም?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን ያን ሰነድ ጽፎልህ የሄደው ሰው ትልቅ ውለታ እንደዋለልህ ልንገርህ። በየመሥሪያ ቤቱ የማየው ከዚህ የተለየ ነው፤ ዕውቀቱ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ይቀመጥና ሰውየው ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። የቀሩት ደግሞ ስልክ እየደወሉ ይለምኑታል። ስለዚህ ሰነዱን ጠብቀው፤ አሻሽለው።

ማብራሪያንና ኮድን በአንድ ላይ መጻፍ የቆየ ሐሳብ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዶናልድ ክኑዝ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ፕሮግራም በቅድሚያ ሰው እንዲያነበው ሆኖ መጻፍ አለበት ብሎ ተከራክሯል። ዌብ ብሎ በሰየመው ሥርዓት አንዱ መሣሪያ ኮዱን ከጽሑፉ ለይቶ ለማሽኑ ያወጣል፤ ሌላው ጽሑፉን ለኅትመት ያዘጋጃል። አንተ የምትፈልገው የዚያን ተከታይ ነው፤ ኮዱ ከጽሑፉ ሳይወጣ፣ አንባቢው በፈለገው ቦታ እንዲሠራ።

በማርክዳውን ኮድ የሚታጠረው ከኤስኬፕ ቁልፍ ሥር፣ ከቁጥር 1 በስተግራ በምትገኘው ዘመም ያለች ምልክት ነው። ሦስት ጊዜ ትጻፋለች፣ ከጎኗ የቋንቋው ስም ይከተላል፤ ኮዱ ሲያልቅ እንደገና ሦስት ጊዜ ትጻፋለች። ጆን ግሩበር ማርክዳውንን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያወጣ ይህ አጥር አልነበረም፤ ኮድ የሚለየው አራት ክፍት ቦታ ወደ ውስጥ በመግባት ነበር። ሰነድህ በዚያ በድሮው መልክ ከተጻፈ አጥሩን ጨምርበትና «ባሽ» (የተርሚናል ትእዛዞችን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) ወይም «ፓይተን» (የፕሮግራም ቋንቋ) መሆኑን በላቲን ፊደል አመልክት። መሣሪያዎቹ ኮዱን የሚለዩትና ለማን እንደሚሰጡት የሚያውቁት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ምንም አዲስ ነገር ሳትጭን መጀመር ከፈለግህ ሰነዱን ቪም በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ክፈተው። ጠቋሚውን ከኮዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ አድርግ፣ ሺፍትን ይዘህ ቪን ተጫን፣ እስከ መጨረሻው መስመር ውረድ፤ አጥሮቹ ከምርጫው ውጭ ይሁኑ። ኮሎን ስትጫን ቪም የመረጥከውን ክልል ራሱ ይጽፍልሃል። ከዚያ ደብሊዩ፣ ክፍት ቦታ፣ ቃለ አጋኖ፣ ባሽ ብለህ ኢንተርን ተጫን። መስመሮቹ ወደ ባሽ ይሄዳሉ፤ ውጤቱ ይታይሃል፤ ሰነዱ ምንም አይነካም። ክፍት ቦታዋን አደራ! ደብሊዩና ቃለ አጋኖ ከተጣበቁ ቪም ባሽ የሚባል ፋይል እንዲጽፍ የታዘዘ ይመስለዋል። ደብሊዩዋን ከተውካት ደግሞ ውጤቱ በኮድህ ቦታ ይተካል፤ ያን ጊዜ ዩን ተጭነህ መልሰው።

የዚህ መንገድ ጉድለት መጠየቅ የሚፈልግ ትእዛዝ ላይ ይታያል። ባሽ መመሪያውን የሚቀበልበትና ትእዛዙ መልስ የሚጠብቅበት በር አንድ ስለሆነ፣ «ልቀጥል?» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ ቀጣዩን የኮድ መስመር እንደ መልስ ይውጠዋል። እንዲህ ላሉት ክፍሎች ራንሚ የሚባለው መሣሪያ ይሻላል፤ በማርክዳውን ሰነድህ ውስጥ ያሉትን የኮድ ክፍሎች ተርሚናሉ ላይ ይዘረዝርልሃል፣ የመረጥከውን ያስኬዳል፣ ትእዛዙ ሲጠይቅህም ትመልስለታለህ። ለየክፍሉ ስም መስጠትም ይቻላል፤ ስሙን ጠርተህ ታስኬደዋለህ።

ኢማክስ የሚባለውን ሌላ የጽሑፍ ማረሚያ የለመደ ሰው ካርስተን ዶሚኒክ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረውን ኦርግ ሞድ ያውቀዋል። ባቤል የሚባለው ክፍሉ፣ ጠቋሚው ኮዱ ላይ ሳለ ኮንትሮልና ሲን ሁለት ጊዜ ስትጫን ኮዱን አስኬዶ ውጤቱን እዚያው ከሥሩ ይጽፈዋል። ከማስኬዱ በፊትም ፈቃድህን ይጠይቃል። ጥያቄው ያሰለቻል ብለው የሚያጠፉት አሉ፤ አንተ ተወው፣ ይጠይቅህ።

ብዙዎች ግራ የሚጋቡበትን ነገር ደግሞ በደንብ ልንገርህ። በቪም መንገድ የምታስኬደው እያንዳንዱ ክፍል በአዲስ ባሽ ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይሞታል። በአንደኛው ክፍል ወደ ቅጂዎቹ ማህደር ብትገባ፣ ሁለተኛው ክፍል ሲጀምር እዚያ አይደለህም። ቀኑን ያስቀመጥክበት ተለዋዋጭም (ዋጋ የሚያዝበት ስም) ጠፍቷል። ባቤልም ሴሽን፣ ማለትም በክፍሎቹ መካከል ሳይዘጋ የሚቆይ አንድ ባሽ፣ ካልከፈትክለት በስተቀር እንዲሁ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ይዞ ይነሣ፤ ማህደሩንም በሙሉ አድራሻው ጥራው።

አያሰጋም ወይ ላልከኝ፦ አዎ፣ ያሰጋል። «ወደ አሮጌ ቅጂዎች ማህደር ግባ፤ በውስጡ ያለውን ሁሉ ሰርዝ» የሚሉ ሁለት መስመሮች ተከታትለው ተጽፈዋል እንበል። ማህደሩ ስሙ ተቀይሮ ከሆነ የመጀመሪያው መስመር ይከሽፋል፤ ባሽ ግን በዚያ አይቆምም፣ ሁለተኛውን ይቀጥላል። የሚሰረዘው በዚያች ሰዓት የቆምክበት ማህደር ይሆናል። ይህን ለመከላከል በየክፍሉ መጀመሪያ «ሴት» (set) ከሚለው ትእዛዝ ጎን ክፍት ቦታ፣ ጭረትና ትንሿን የላቲን ፊደል ኢ (e) ጻፍ፤ አንድ መስመር ሲከሽፍ ሌላው እንዳይቀጥል ያደርጋል። ከዚያም በላይ፣ የሚሰርዝ ትእዛዝ ለብቻው በራሱ ክፍል ይቀመጥ፤ ከላዩ በአማርኛ «ይህ አሮጌ ቅጂዎችን ያጠፋል፤ የዛሬው ቅጂ መኖሩን አስቀድመህ እይ» ተብሎ ይጻፍ። ሰነዱን በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚያስኬድ መሣሪያ ብታገኝም ለቅጂ መመለስ አትጠቀምበት። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛውን ሐረጎን ቁልቁል የሚወርድ ሾፌር መታጠፊያውን ሁሉ በአንድ ማርሽ አይጨርስም፤ አንተም በየክፍሉ ቆመህ ውጤቱን አንብብ።

የይለፍ ቃል ሰነዱ ውስጥ አይጻፍ። ከኢንተርኔት ያወረድከውንም ሰነድ ሳታነብ አታስኪድ፤ ትእዛዙ የሚሠራው በአንተ ስምና ሥልጣን ነው። የሰርቨሩ ሙሉ ባለሥልጣን ሆነህ ከገባህ ደግሞ የሚያግደው ነገር የለም።

ከኮምቦልቻ ሆነህ ስትሠራ፣ ተርሚናሉን ክፍት አድርጎ የሚያቆየውን ቲመክስ የተባለ ፕሮግራም ደሴ ባለው ሰርቨር ላይ አስቀድመህ ክፈት። መስመሩ ቢቋረጥ የጀመርከው ትእዛዝ ደሴ ላይ ሥራውን ይቀጥላል፤ ተመልሰህ ስትገባ እዚያው ታገኘዋለህ። ሰርቨሩ ራሱ መብራት ከጠፋበት ግን ቲመክስም አያድነውም። ቅጂውን ስትሞክር ደግሞ በሥራ ላይ ባለው ዳታቤዝ ላይ አትመልሰው፤ በሌላ ስም ባዶ ዳታቤዝ ክፈትና እዚያ መልሰህ የአባላቱን ዝርዝር ቁጥር ከዋናው ጋር አመሳክር። ይህንንም ማመሳከሪያ እንደ አንድ የኮድ ክፍል ሰነዱ ውስጥ አስገባው።

ጥያቄ፦ ወልድያ የኮምፒውተር መምህርት ነኝ። ለተማሪዎቼ እንዲህ ዓይነቱን ሰነድ በአማርኛ ባዘጋጅ ትእዛዞቹ ይበላሻሉ?

መልስ፦ አይበላሹም እህቴ፤ በአማርኛ አዘጋጂው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 (የዓለም ፊደላት ለኮምፒውተር ቁጥር የተሰጡበት ደረጃ) ውስጥ ገብቷል፤ ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አቀማመጥ ይቀመጥ እንጂ ማብራሪያውም ሆነ ኮዱ ውስጥ ያለው ማስታወሻ በአማርኛ ቢሆን ባሽ አይቸገርም። አጥሩ ውስጥ ስትገቢ ግን የፊደል ገበታሽን ወደ ላቲን መልሺው፤ የእኛ ሁለት ነጥብና የላቲኑ ኮሎን ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ለማሽኑ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ትእዛዞቹንም በማይክሮሶፍት ዎርድ አትጻፊያቸው፤ ቀጥተኛውን ጥቅስ ያጎብጠዋል፣ ሁለቱን ጭረት አንድ ረጅም ያደርገዋል።

ሊኑክስ የተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት በአማርኛ የተሰየመ ፋይልም ይቀበላል። ሆኖም አንዱ ተማሪ «ሰነድ»፣ ሌላው «ሠነድ» ብሎ ከጻፈ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው፤ ትእዛዙም «ፋይሉ የለም» ይላል። ለጀማሪዎች የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ አድርጊላቸው።